ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦ ስለዚያ የገደል ፎቶ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ጋዜጣችሁን ለብዙ ዓመታት አንብቤያለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ያስጻፈኝ በጉዞ ገጻችሁ ላይ ያወጣችሁት አንድ ፎቶ ነው። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ አንድ ወጣት ገደል አፋፍ ላይ እግሮቹን አንጠልጥሎ ተቀምጧል። ከእግሩ በታች ባዶ ነው። ከባዶው በታች ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ ወንዝ ይታያል። ከፎቶው ስር የጻፋችሁት አንድ መስመር ብቻ ነበር። ግራንድ ካንየን መሆኑንና በሕይወት አንድ ጊዜ ሊታይ የሚገባው ቦታ መሆኑን ይናገራል።

ቦታውን ወዲያው አወቅኩት። ቶሮዊፕ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ፣ አሪዞና ግዛት፣ በግራንድ ካንየን ብሔራዊ ፓርክ ሰሜናዊ ጠርዝ ላይ ያለ እጅግ ሩቅ ቦታ ነው። ብዙ ሰው የሚጎበኘው የደቡቡን ጠርዝ ነው። እዚያ አስፋልት አለ፣ አውቶቡስ አለ፣ የብረት መከለያ አለ። ቶሮዊፕ ሌላ ነገር ነው። እኔ የመሬት ገጽታ ፎቶ ማንሳት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። የምተዳደረው በሌላ ሥራ ነው፤ ፎቶው ፍቅሬ ነው። ስለዚህ ቦታው ለረጅም ጊዜ በልቤ ነበር።

የእህቴ ልጅ 19 ዓመቷ ነው። ፎቶ የጀመረችው እኔን እያየች ነው። የእናንተን ገጽ በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። ከስሩ “ጋሼ፣ እዚህ ውሰደኝ” ብላ ጻፈች። ባለፈው ጥቅምት ወሰድኳት።

ሲጀመር ወደዚያ ዝም ተብሎ አይገባም። ለቀን ጉብኝትም ለአዳርም አስቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው። የቀን ፈቃድ የያዘ ሰው ጀምበር ከጠለቀች በግማሽ ሰዓት ውስጥ መውጣት አለበት። የንጋቱን ብርሃን ማንሳት የፈለገ እዚያው ማደር ይሻለዋል። የድንኳን ቦታዎቹ ግን ዘጠኝ ብቻ ናቸው። እኛ ቦታ እስክናገኝ ቀናችንን ሦስት ጊዜ ቀያይረናል።

ከዚያ መንገዱ። እኛ በመረጥነው በኩል አስፋልቱ ካለቀ በኋላ 98 ኪሎ ሜትር ያህል የጠጠርና የአፈር መንገድ አለ። በዚያ ሁሉ ርቀት ነዳጅ አይገኝም፣ የሚጠጣ ውሃ አይገኝም፣ ስልክም አይሠራም። መንገዱ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሸንተረር በሸንተረር ነው። ቀስ ብለው ሲነዱ አጥንት ይነቃነቃል። ፈጠን ሲሉ ደግሞ መኪናው ጠጠሩ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። እንዲህ ያለ ንቅናቄ ከዚህ በፊት የአንድ ሌንሴን ብሎኖች አላልቶብኝ ያውቃል። ስለዚህ የካሜራ ቦርሳዬን በብርድ ልብስ ጠቀለልኩትና የእህቴ ልጅ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። እንደ ሕፃን አቅፋው ሄደች።

መኪናው የኪራይ ነበር። ሲያስረክቡኝ ስኮርታ ጎማ እንዳለው ጠየቅኩ። አለው አሉኝ። ከፍቼ አላየሁም። ማየት ነበረብኝ። 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄድን የኋላው ቀኝ ጎማ ተነፈሰ። ሻንጣውን አውርደን ወለሉን ስንከፍት ያገኘነው ያቺን ቀጭኗን፣ ለከተማ አስፋልት የምትሆነውን ጎማ ነው። በዚያ ድንጋይ ላይ እሷን አስሮ መሄድ ሁለተኛ ችግር መጥራት ነው። ክሪኩን አወጣን፣ መኪናውን አነሳን፣ ጎማውን ፈታን። ከዚያ ቁጭ አልን። ለሁለት ሰዓት ያህል አንድም መኪና አላለፈም።

በኋላ አንድ አሮጌ ፒክአፕ አቧራውን እያቦነነ መጣ። አንድ አዛውንትና ባለቤታቸው ነበሩ። አዛውንቱ ጎማውን አገላብጠው አዩትና ቀዳዳዋን በጣታቸው አገኟት። የበሳችው የጥፍር ስፋት ያላት ስለታም ድንጋይ ነበረች። ከሳጥናቸው ወስፌ የመሰለ ብረትና ሙጫ የነካ የላስቲክ ገመድ አወጡ። ገመዱን ቀዳዳው ውስጥ ጎስጉሰው ትርፉን ቆረጡት። በትንሽ የንፋስ መሙያ ሞሉልን። በሩብ ሰዓት አለቀ። ገንዘብ ልስጥ ብል አሻፈረኝ አሉ። ሚስታቸው ስንት ሊትር ውሃ እንደያዝን ጠየቁን። 20 ሊትር ስንላቸው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እነሱ ባይመጡ ኖሮ ጎታች መኪና ለመጥራት እንኳ ስልክ የሚይዝበት ቦታ ድረስ በእግር መሄድ ነበረብን። ጎታቹ ደግሞ ከ1,000 ዶላር በላይ ሊያስከፍል፣ ለመድረስም ከሁለት ቀን በላይ ሊፈጅበት ይችላል። ይህን ሁሉ ፓርኩ ራሱ አስቀድሞ ያስጠነቅቃል። የእናንተን ገጽ ብቻ ያየ ሰው ግን ከየት ያውቀዋል?

የመጨረሻዎቹ 5 ኪሎ ሜትሮች ከሁሉም የባሱ ናቸው። መንገድ ማለት ይከብዳል፣ እርከን በእርከን የሆነ አለት ነው። የእህቴ ልጅ ወርዳ ከፊት ከፊት እየሄደች ጎማው የሚያርፍበትን በእጇ ታሳየኝ ነበር።

ስንደርስ ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ያህል ቀርቷት ነበር። መሬቱ ቀይ ድንጋይ ነው። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ ያልቃል። አጥር የለም። ምልክት የለም። ከጠርዙ እስከ ኮሎራዶ ወንዝ ድረስ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ ገደል ነው። ሸለቆው በዚህ በኩል ጠባብ ስለሆነ ከማዶ ያለው ግድግዳ ቅርብ ይመስላል፤ ዓይን ርቀቱን መለካት ያቅተዋል። ወደ ምዕራብ ዞር ሲሉ ወንዙ ላይ አንድ ነጭ ነገር ይታያል። ላቫ ፎልስ፣ የላቫ ፏፏቴ እንደማለት፣ ይሉታል። ፏፏቴ ግን አይደለም፤ ወንዙ በድንጋይ መሃል የሚናወጥበት፣ ጀልባ ቀዛፊዎች የሚፈሩት ቦታ ነው። ጆሮ ሲሰጡት ድምፁ እስከ ላይ ይሰማል። አጠገባችን ደግሞ የቩልካን ዙፋን የሚባል ጥቁር የእሳተ ገሞራ ጉብታ ቆሟል። ከዚህ አካባቢ የፈሰሰው የቀለጠ ድንጋይ በጥንት ዘመን ወንዙን ደጋግሞ ገድቦታል፤ ወንዙም ግድቡን እየሰበረ አልፏል። ጥቁሩ ድንጋይ ግድግዳው ላይ ወደ ታች ፈስሶ እንደደረቀ ዛሬም ይታያል። አሜሪካዊው አሳሽ ጆን ዌስሊ ፓወል በ1869 እ.ኤ.አ. በጀልባ ሲያልፍ ይህን አይቶ ተደንቋል። እኔም ከላይ ሆኜ ተደነቅኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የእህቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ የእናንተን ፎቶ ከቦታው ጋር አስተያየች። ድንጋዩን አገኘችው። “ጋሼ፣ ሰውየው የተቀመጠው እኮ እዚህ ጋ ነው። አንድ ብቻ አንሳኝ” አለችና ሄዳ ጠርዙ ላይ ቆመች። እውነቱን ልንገራችሁ። ዓይኔን ካሜራው ላይ ሳደርግ አደጋው አልታየኝም። የታየኝ ቀይ ሹራቧ ከኋላዋ ካለው ሰማያዊ ጥላ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ነው። “ትንሽ ወደ ግራ” አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት። ወደ ግራ ስትራመድ ከጫማዋ ስር አንዲት ጠጠር ተንከባለለች። ጠርዙን አለፈች። ስታርፍ አልሰማንም።

ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ነፋስ ነበር። ሹራቧን ሲያርገበግበው አየሁ። እግሬ ከዳኝ። ብጮህ ትደነግጣለች ብዬ በቀስታ “ባለሽበት ቁጭ በይ። አሁን በመቀመጫሽ እየተሳብሽ ወደ እኔ ነይ” አልኳት። ነገሩ ገባት። ተሳበች። አጠገቤ ስትደርስ እጇን ያዝኩትና ለረጅም ጊዜ አልለቀቅኩትም። ጀምበሯ እስክትጠልቅ ሁለታችንም አንድ ፎቶ አላነሳንም።

ልጅቷ ደፋር አይደለችም። ቀልቃላም አይደለችም። ያደረገችው ፎቶው ያሳያትን ነው። እኔም 14 ዓመት ሙሉ ካሜራ ይዤ፣ ዓይኔ መስታወቱ ላይ ሲሆን የት እንደቆምን ረሳሁ። ለዚህ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

የዚያን ምሽት ሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ ዓይን ካሜራው ላይ ካለ እግር አይንቀሳቀስም። ቦታ መቀየር የፈለገ መጀመሪያ ካሜራውን ያወርዳል። ሁለተኛ፣ ለጠዋቱ ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ) የሚቆምበትን ቦታ በብርሃን እንመርጣለን፤ ከጠርዙም ይርቃል።

በነገራችን ላይ ያለሰዓታችን ነው የተነሳነው። ጎረቤቷ የዩታ ግዛት በሞቃቶቹ ወራት፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ፣ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ታደርጋለች፣ አሪዞና ግን አታደርግም። ስልኬ ኔትወርክ ስላጣ የዩታን ሰዓት እንደያዘ ቀርቷል። ለ11 ሰዓት የሞላሁት ደወል በ10 ሰዓት ቀሰቀሰን። ከድንኳኑ ስንወጣ ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቷል። ብርድ ልብሱን ተከናንበን ዝም ብለን ተቀመጥን።

ሊነጋ ሲል ካሜራውን አዘጋጀን። ነፋስ ስለነበር ቦርሳዬን ትራይፖዱ መሃል ላይ አንጠለጠልኩት፤ ክብደቱ ያረጋዋል። ሰማዩ ብሩህ፣ የሸለቆው ሆድ ጨለማ ነው። አንድ ፎቶ ሁለቱንም አይችልም። ስለዚህ ካሜራው ሳይነቃነቅ አንድ ጠቆር ያለ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ብሩህ አነሳሁ፤ በኋላ የሚዋሃዱ ናቸው። ብርሃኑ መጀመሪያ የላይኛውን ግድግዳ ጫፍ ነካ። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ወንዙ ግን ለረጅም ጊዜ በጥላ ውስጥ ቆየ።

ጥሩው ፎቶ የተገኘው ከጠርዙ ወደ ኋላ ነው። ከጥቂት ቀናት በፊት ዘንቦ ስለነበር አለቱ ላይ የእጅ መታጠቢያ ሳፋ የሚያህል ጉድጓድ ውሃ ይዟል። ሰማዩ በውስጡ ይታያል። ልሻገረው እግሬን ሳነሳ የእህቴ ልጅ “ጋሼ፣ ቆይ!” አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውሃው ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ፍጥረታት በጀርባቸው ይዋኛሉ። የሽሪምፕ ዘመዶች ናቸው። ውሃው ሲደርቅ እንቁላላቸው በአሸዋው ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ዝናብ ሲመጣ ይፈለፈላል። አንድ ጫማ ይበቃቸው ነበር። የበረሃው አፈርም እንዲሁ ነው። ጥቁር ቅርፊት የመሰለው ላዩ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ከተረገጠ ለመመለስ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። ለአንድ ፎቶ ብለን ከመንገድ ስንወጣ ይህን ነው የምንረግጠው።

እሷ በደረቷ ተኝታ ስልኳን ከውሃው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጋ ይዛለች። ከኋላዋ ሸለቆው ተከፍቷል። ያንን አነሳሁ። ረጅሙን ሌንስ አድርጌ ዝቅ ብዬ ስላነሳሁት ገደሉ አጠገቧ ያለ ይመስላል። አይደለም። በእርምጃ ለክቼዋለሁ።

የምለምናችሁ ይህን ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ማሳየት አታቁሙ። እኔም ቶሮዊፕን ደግሜ ማየት እፈልጋለሁ፤ ልጅቷም እንዲሁ። ግን ከፎቶው ስር ሦስት አራት መስመር ጨምሩ። መንገዱ ምን ያህል ነው? ውሃ አለ? ፈቃድ ያስፈልጋል? መከለያ አለ? አንባቢዎች ከሚልኩላችሁ ፎቶዎችም እግር የተንጠለጠለበትን ወደ ጎን አድርጉት። ከሁሉም ዓይን የሚስበው እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ቀጥሎ የሚመጣው ልጅ ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ለመቀመጥ ነው የሚመጣው።

የኔን ፎቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ። የእህቴን ልጅ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ፊቷም አይታይም። ካወጣችሁት ከስሩ ይህን ጻፉልኝ፦

“ቶሮዊፕ፣ ግራንድ ካንየን፣ በጥቅምት ንጋት። ከአስፋልት 98 ኪሎ ሜትር የጠጠርና የአፈር መንገድ፤ መሬቱ ሲረጥብ አያስኬድም። ውሃ፣ ነዳጅና ስልክ የለም። ጠርዙ አጥር የለውም። ቅድሚያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጅቷ ያለችው ከጠርዙ 12 እርምጃ ርቃ ነው።”

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ