ከገና በፊት የጓሮ አዳራሻችንን ጣሪያ እንድንመታ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ይድረስ ለእድራችን አባላት፣ ለሠፈራችን ነዋሪዎችና በዐረብ አገርም በአሜሪካም ለምትገኙ ልጆቻችን፤

በነሐሴ አጋማሽ ሌሊት የወረደው በረዶ በእድራችን ግቢ ያለውን የጓሮ አዳራሽ ጣሪያ እንዳፈረሰው አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። ሰው ስላልተጎዳ ፈጣሪን እናመሰግናለን። ይሁንና አዳራሹ ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚታገሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማክሰኞና ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የሚሰበሰቡበት ብቸኛ ቦታቸው ነበር። በመስከረም ያቀረብነው ጥሪ እንዳሰብነው ስላልተሳካ፣ ደግመን ልናስቸግራችሁ ተገደናል።

እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፣ የመጠጥ ጉዳይ ምን አገባው የሚሉ አባላት እንዳሉ እናውቃለን። በደብረ ብርሃን ብርድ አረቄ እንደ መድኃኒት ይቆጠራል፤ የማለዳ ጨብሲ በስንቱ ቤት እንደተለመደችም አይሰወርባችሁም። ይህን ሥራ የጀመርነው ገና ጎልማሳ ሳይሆኑ ጉበታቸው ላለቀ ልጆቻችን ድንኳን መትከል ስለበዛብን ነው። ማኅበሩ ከተጀመረ ወዲህ መጠጥ ካቆሙ ዓመት ያለፋቸውን፣ ወደ ሥራቸውና ወደ ልጆቻቸው የተመለሱትን እናንተው በየቤታችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ስማቸውን እኛ አንጠራም።

ከመስከረሙ ጥሪ በፊት፣ ጣሪያው ገና ሳይፈርስ ለአዳራሹ የተዋጣው ገንዘብ የት ገባ፣ ጣሪያው ሳይታደስ ስለ ምን ሁለተኛ በር ተከፈተ ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ግዴታችን ነው። ገንዘቡ ለግድግዳው ልስን፣ ለመጸዳጃ ቤቱ፣ ለአግዳሚ ወንበሮቹና ለጓሮው በር ውሏል፤ ደረሰኞቹ በኦዲተራችን ተመርምረው በጽሕፈት ቤቱ ይገኛሉ። የባሕር ዛፉ ማገር ከኮርኒሱ በላይ መንቀዙን ቀድመን አለማየታችን ጥፋታችን ነው፤ ስለዚህም ይቅርታ እንጠይቃለን። በጓሮው በር ግን አንጸጸትም። በዋናው መንገድ፣ በጎረቤት ፊት ለመግባት የሚያፍሩ ሰዎች፣ በተለይም ሴቶች፣ መምጣት የጀመሩት ያ በር ከተከፈተ በኋላ ነው።

ማኅበርተኞቹ ራሳቸው ለምን አያዋጡም የሚልም አለ። ያዋጣሉ፤ የሻይና የመብራት ወጪያቸውን የሚሸፍኑት በየስብሰባው በሚያዞሩት ሳህን ነው። የሚከተሉት ልማድ በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ፣ መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ ከተደጋገፉ ሁለት ሰዎች የተነሣው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ልማድ ሲሆን፣ ከውጭ እርዳታ አለመቀበል አንዱ ሥርዓቱ ነው። በመሆኑም የምንለምነው ለእነርሱ ሳይሆን የእድሩ ንብረት ለሆነው ቤት ነው።

ስብሰባው ሕክምናን እንደማይተካም ልናሳስብ እንወዳለን። ለዓመታት በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ ሊያንዘፈዝፈውና አእምሮው ሊቃወስ ይችላል፤ ይህም ለሞት ሊያበቃ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ አንድ ነባር አባል አስቀድሞ ወደ ሆስፒታል ይዞት ይሄዳል፤ ጠበል የሚጠመቀውም ቢሆን ሐኪም እንዲያየው እንመክራለን። ከሐኪም ቤት ሲመለስ ግን ከዚያው ጓደኛ፣ ከዚያው አረቄ ቤት ጋር ይገናኛል፤ ቋሚ ቀንና ቋሚ ቦታ የሚያስፈልገው ይህን ጊዜ ነው።

ጣሪያው በፈረሰ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ ምሽት፣ ማንም የማያውቀው ሰው መጥቶ የተቆለፈውን የጓሮ በር ሁለት ጊዜ አንኳክቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ድንጋዩ ላይ ጥቂት እንደተቀመጠና ተነሥቶ እንደሄደ ዘበኛችን ነግሮናል። ዘበኛው ስብሰባው ወደ ዕቃ ቤቱ መዛወሩን ሊነግረው ሲወጣ ሰውየው ከዓይን ተሰውሮ ነበር። እስካሁን ተመልሶ አልመጣም።

ለቆርቆሮ፣ ለማገርና ለወራጅ፣ ለምስማርና ለአናጢ የሚያስፈልገው 268,000 ብር ሲሆን፣ የተገኘው 97,000 ብር ነው። ቀሪው 171,000 ብር ከገና በፊት ካልተሟላ፣ በየቤቱ ጠላ ተጠምቆ "ቅመስ እንጂ" በሚባልበት ሰሞን ማኅበርተኞቹ በዓሉን ያለ አዳራሽ ሊያሳልፉት ነው። የወደቀውን ማንሣት በመጽሐፍም፣ በቁርኣንም የታዘዝነው ስለሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አባል የአቅሙን እንዲያደርግ በትሕትና እንጠይቃለን። ገንዘብ የሌለው ቆርቆሮ፣ እንጨት ወይም የአንድ ቀን ጉልበት ቢሰጥ በክብር እንቀበላለን።

ክፍያው የሚፈጸመው በእድሩ ስም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተከፈተውና በሦስት ፈራሚዎች በሚንቀሳቀሰው ሂሳብ ብቻ ነው። የሂሳቡ ቁጥር በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ በወርኃዊ መዋጮ ደብተራችሁ ጀርባም ታትሟል። በውጭ አገር ያላችሁ ከቤተሰባችሁ ደብተር ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። በማንም ግለሰብ ስልክ ወይም ቴሌብር ገንዘብ እንዳትልኩ፣ በእጅ የምትከፍሉም ለገንዘብ ያዡ ብቻ ከፍላችሁ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ አደራ እንላለን። በድጋሚ፣ የእድሩ ሂሳብ ብቻ ነው።

ጣሪያው እስኪመታ ድረስ ስብሰባው በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በብረት ድስቶቹ መካከል፣ የቀብር ድንኳኑን አጣጥፈው እየተቀመጡበት ይቀጥላል። ሰዓቱ አልተለወጠም። የዕቃ ቤቱ በር ከጓሮው በር በስተግራ ነው፤ ከምሽቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ክፍት ነው።

የእድሩ የአዳራሽ ጥገና ኮሚቴ