ለእማዬ፣ ስላቆምሽው ኪኒን

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ሥራዬም ሰላም ነው። ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ትናንት ደውሎ የደም ግፊት ኪኒንሽን ከፋሲካ ወዲህ እንደተውሽው ነገረኝ። «ሳል አስያዘኝ፣ ሌሊት አላስተኛ አለኝ» ብለሽዋል። በስልክ ብለምንሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ወሬውን ወደ ጎረቤት እንደምትወስጂው አውቃለሁ። ስለዚህ መነጽርሽን አድርገሽ፣ ቁጭ ብለሽ እንድታነቢው በደብዳቤ አደረግኩት።

ስለዚያ ክፉ ጊዜ በቤታችን ብዙም አይወራም። አንቺም እንዳይከፋኝ ብለሽ አታነሺውም። ዛሬ ግን እኔው ላንሳው፤ ለአንቺ የምጠይቅሽ ነገር ከዚያ የመጣ ነውና።

በ2003 ዓ.ም. የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እንቅልፍ ራቀኝ፤ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኝ ጀመር። ከደሴ አዲስ አበባ ድረስ ይዘሽኝ መጣሽና ሃሎፔሪዶል የሚባል ኪኒን ታዘዘልኝ። ወደ ቤት በተመለስን በጥቂት ቀን፣ ማታ እራት ላይ ሳለን፣ አንገቴ ወደ ኋላ ተቆለመመ። ዓይኖቼ ወደ ጣሪያው ተሰቅለው ቀሩ። መንጋጋዬ ተቆለፈ፣ ምላሴም አልታዘዝ አለኝ። አእምሮዬ ግን ነቅቶ ሁሉንም ይሰማ ነበር። አክስቴ «በስመ አብ! ይሄስ የሰው በሽታ አይደለም» ስትል፣ ጎረቤቶች ሲያማትቡ፣ አንዱ ሲያለቅስ ሰማሁ። አንቺ ብቻ አላለቀስሽም። ኪኒኑን ከነላስቲኩ ከመሳቢያው አወጣሽና «ይህን ከመጀመሯ በፊት አንገቷ ደኅና ነበር» አልሽ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስሽኝ። ተረኛው ሐኪም ኪኒኑን እንዳየ መርፌ አዘዘልኝ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አንገቴ ተፈታ።

ኋላ ላይ አንብቤ እንደተረዳሁት፣ ሃሎፔሪዶል የአንቺ እኩያ የሆነ የቆየ መድኃኒት ነው፤ በፈረንጆች 1958 ቤልጂየም ውስጥ ነው የተገኘው። በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳል። ድምፁን የሚያስታግሰው በዚህ ነው። ነገር ግን ዶፓሚን የሰውነትን እንቅስቃሴም ስለሚያስተባብር፣ ሲታገድ ጡንቻ ሊይዝ ይችላል፤ በተለይ በወጣቶች ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። ይህን አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። አንቺ ግን ሳይነገርሽ ደረስሽበት።

ከዚያ ደግሞ እግሬ አላርፍ አለ። ከሳሎን እስከ ግቢው በር ስመላለስ እውላለሁ፤ ቁጭ ብዬ አንድ ጉርሻ መዋጥ አቃተኝ። ውስጤ እየነደደ ቆዳዬን አውልቄ መሮጥ ያሰኘኝ ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ ግማሹ «በሽታው አገርሽቶባታል፣ መድኃኒቱ ይጨመርላት» አለ፤ ግማሹ «መድኃኒቱ ነው ያሳበዳት፣ ይጣል» አለ። አንቺ ከሁለቱም ጋር አልወገንሽም። ከእኔ ጋር ግቢውን እየተመላለስሽ «ልጄ፣ የሚያስነሳሽ ድምፁ ነው ወይስ እግርሽ ነው እምቢ ያለሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እግሬ ነው አልኩሽ።

እማዬ፣ ያን ጥያቄ እስከዛሬ የጠየቀኝ ሐኪም እንኳ ጥቂት ነው። ያን ጊዜ መጠኑ ተጨምሮ ቢሆን ኖሮ መቁነጥነጡ ይብስብኝ ነበር። በድንገት ተጥሎ ቢሆን ደግሞ ድምፁ ይመለስ ነበር።

በወንድሜ የሒሳብ ደብተር የኋላ ገጾች ላይ መጻፍ የጀመርሽውም ያኔ ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት ዋጠች። 5 ሰዓት ላይ መቀመጥ አልቻለችም። ምሳ ተወች። ሌሊት 9 ሰዓት ተኛች።» አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ በተማረ እጅ፣ መስመር ሳይዘለል። ሐኪሙ ደብተሩን ገልብጦ ገልብጦ አነበበና መጠኑን ቀነሰ፤ ትንሽ ቆይቶም ሪስፔሪዶን ወደሚባል ሌላ መድኃኒት ቀየረው።

በሪስፔሪዶን ድምፁም ጠፋ፣ እግሬም አረፈ። ግን ረኀቡ አይጣል ነበር፤ በልቼ ሳልነሳ እንደገና ይርበኛል። ወፈርኩ፣ ሆዴ ገፋ። የወር አበባዬም ቀረ። ሰፈሩ ምን እንዳወራ አንቺም ሰምተሻል፣ እኔም ሰምቻለሁ። አንድም ቀን በጥርጣሬ ዓይን አላየሽኝም። ቀጠሯችን ሲደርስ፣ ሌላው እናት አፍሮ የሚያልፈውን፣ በወንድ ሐኪም ፊት ፍርጥ አድርገሽ ተናገርሽ። ሐኪሙ ለማረጋገጥ የእርግዝና ምርመራ ሲያዝ እጄን ይዘሽ ላቦራቶሪ ድረስ ሄድሽ። መድኃኒቱ ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ስለሚያደርግ የወር አበባ ሊያስቀር እንደሚችል ያወቅነው በዚያ ቀን ነው። መጠኑ ተስተካክሎ ከወራት በኋላ ተመለሰ። አንቺ ዝም ብለሽ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ በሐሜቱ ተሸማቅቄ ኪኒኑን በድብቅ እጥለው ነበር።

ጠበሉንም አልተውሽም። «ጠበል የገባች መድኃኒት አትዋጥ» ያሉሽን ሰዎች አክብረሽ ሰማሻቸውና ወደ ነፍስ አባታችን ሄድሽ። እርሳቸውም ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብበው፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ነገሩሽ። በጾም ወራት ጠዋት ቁርስ በልቼ እንድውጥም ፈቀዱልኝ። በአንድ እጅሽ የጠበሉን ጆግ፣ በሌላው የኪኒኑን ላስቲክ ይዘሽ ስትገቢ አሁንም ይታየኛል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ወንድሜ ካርቶኑን አንብቦልኛል፤ መድኃኒትሽ ኢናላፕሪል ነው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል ማምጣቱ የታወቀ ነው፤ በሴቶች ላይ ደግሞ ይበዛል። ከጀመሩት ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ «ያሳለኝ እሱ ነው» ማለትሽ ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ሳል ሌላም ምክንያት ስላለው ሐኪም ይየው። መድኃኒቱ ከሆነ ደግሞ እንደ ሎሳርታን ያለ፣ ሳል እምብዛም የማያመጣ ሌላ አለ።

የሚያስፈራኝ ሳሉ ሳይሆን ያለ ኪኒን የምትቆይበት ባዶው ጊዜ ነው። የደም ግፊት ከፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ አያሳምም። ደኅና ነኝ ስትይ ውለሽ በድንገት በስትሮክ ሊጥልሽ፣ ወይም ቀስ እያለ ኩላሊትሽን ሊጎዳው ይችላል። ለእኔ ያደረግሽውን ለራስሽ ለምን ነፈግሽው? መድኃኒቱ ሲያስቸግረኝ ጣይው አላልሽኝም፤ ቻይውም አላልሽኝም። ይዘሽኝ ሄደሽ ነገርሽልኝ። አሁን አንቺን ይዞ የሚሄድ ልጅ አለሽ።

ሰኞ ጠዋት ወንድሜ መጥቶ ይወስድሻል፤ ለመጓጓዣውም ለምርመራውም ገንዘብ ልኬያለሁ። ካርቶኑንና የቀረውን ኪኒን ያዢ። መቼ እንዳቆምሽ አትደብቂ፤ አይቆጡሽም፣ ቢቆጡሽም ንገሪያቸው። እስከዚያ ሳሉ በስንት ሰዓት እንደሚነሳብሽና ሌሊት ስንቴ እንደሚቀሰቅስሽ ጻፊ። ደብተር ከሌለ ወንድሜ ይግዛልሽ።

እኔም የራሴን አልደብቅሽም። መድኃኒቴን አሁንም እወስዳለሁ፣ በትንሽ መጠን። በየቀጠሮው ክብደቴንና ስኳሬን ያዩልኛል። ሰሞኑን እጄ አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጥ ጀምሯል፤ ለሐኪሜ ነግሬው እየተከታተለው ነው።

ሐኪሙ አዲስ ኪኒን ከሰጠሽ ወንድሜ ስሙንና ሚሊግራሙን ከካርቶኑ ላይ እያነበበ በስልክ ይንገረኝ፤ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

ወዳጅሽ ልጅሽ
ከአዲስ አበባ