ሐኪሙ ባዶ እጅሽን ስለ መለሰሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ባለፈው ስንደዋወል «አራት ቀን ሙሉ በጉንፋን ስሰቃይ ሐኪሙ ውኃ ጠጪ፣ እረፊ ብሎ አንቲባዮቲክ ሳያዝልኝ ባዶ እጄን መለሰኝ» ብለሽ መማረርሽ ከልቤ አልወጣም። እኔም ምክንያቱን ሳላስረዳሽ «ልክ ነው ያደረገው» ማለቴ ቅር እንዳሰኘሽ ከድምፅሽ ስላወቅሁ፣ ያንጊዜ ያልነገርሁሽን አሁን ልጽፍልሽ ወደድሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ግን የሚመታው ባክቴሪያን ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሁለቱን ልዩነት ልንገርሽ።

ባክቴሪያ አንድ ሴል ብቻ ቢሆንም የራሱ ቤትና ጓዳ ያለው ፍጡር ነው። አብዛኞቹ ዓይነቶች ዙሪያቸውን የሚጠብቅ ግድግዳ አላቸው፤ ሁሉም ደግሞ ፕሮቲን የሚሠሩባቸው ራይቦሶም የሚባሉ የየራሳቸው መሣሪያዎች አሏቸው። ምግብና ሙቀት ከተመቻቸው ለሁለት እየተከፈሉ ይራባሉ። በአንጀታችን የሚኖረው ኢ. ኮላይ ሁሉ ነገር ሲሰምርለት በየ20 ደቂቃው ስለሚከፈል፣ አንዱ ብቻውን በ7 ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ግን ምንም አይጎዱንም፤ ምግብ በማዋሃድ የሚያግዙንም አሉ።

ቫይረስ ግን ጓዳ የለውም። በፕሮቲን የተጠቀለለ የዘር መመሪያ ነው፤ ከሴል ውጭ ሳለ አይመገብም፣ አያድግም፣ አይራባም። ለእርሱ ወደሚስማማ ሴል ሲገባ ግን የሴሉን ራይቦሶም ለራሱ ሥራ ያውለውና በሺህ የሚቆጠሩ ቅጂዎቹን ያሠራበታል። ሕይወት አለው ወይስ የለውም የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም፤ እኔ ግን ጥያቄው ከቫይረሱ ይልቅ «ሕይወት» ለሚለው ቃላችን የሚያስቸግር ይመስለኛል።

በመጠንም አይቀራረቡም። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከኢ. ኮላይ ርዝመት አንድ ሃያኛውን ያህል ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሩሲያዊው ተመራማሪ ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂ ባክቴሪያን በሚያስቀር የሸክላ ማጣሪያ ቢያሳልፈውም፣ የተጣራው ፈሳሽ ጤነኛውን ተክል ማሳመሙን አላቆመም፤ በሽታውን ያመጣው ከባክቴሪያ ያነሰ ነበርና በማጣሪያው አልፏል። በዚያው ዓመት ጀርመናዊው ሐኪም ሪቻርድ ፋይፈር ከኢንፍሉዌንዛ ሕሙማን ያገኘውን አንድ ባክቴሪያ የበሽታው መነሻ አድርጎ አቀረበ። ተሳስቶ ነበር፤ ትክክለኛው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ከታመመ ሰው ተለይቶ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። ባክቴሪያው ግን ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ የሚለውን የስህተት ስሙን እስከ ዛሬ ይዞ ቀርቷል። እንዲህ ያሉ ሊቃውንት ከተሳሳቱ አንቺ ሁለቱን ብታምታቺ አይፈረድብሽም።

የሚያሳምሙበትም መንገድ ይለያያል። ብዙ አደገኛ ባክቴሪያዎች የሚጎዱን በሚያመነጩት መርዝ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ ከቁስሉ ሳይርቅ መርዙን ወደ ነርቭ ይልካል፤ የኮሌራውም ወደ አንጀት ሴሎች ሳይገባ በመርዙ ብቻ የሰውነትን ውኃ ያስፈስሳል። የሚገርመው፣ ይህን የኮሌራ መርዝ የሚያሠራው የዘር መመሪያ ባክቴሪያውን ራሱን ከሚያጠቃ ቫይረስ የመጣ መሆኑ ነው። ቫይረስ በበኩሉ የገባበትን ሴል ይጎዳል ወይም ይገድላል፤ አንቺን ያንገላታሽ ትኩሳትና የአፍንጫ ፈሳሽ ግን በአብዛኛው የራስሽ ሰውነት የመከላከል ሥራ ነው።

ወደ መድኃኒቱ ልመለስ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው ፔኒሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ ግድግዳውን እንዳይገነባ ይከለክላል። ሌሎች አንቲባዮቲኮች የባክቴሪያን ራይቦሶም ያሰናክላሉ፤ የእነርሱ ከእኛ ራይቦሶም በቅርጹ ስለሚለይ መድኃኒቱ ሁለቱን ለይቶ ይመታል። ቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም፤ የሚሠራበትም ራይቦሶም የአንቺው ነው፤ ታዲያ አንቲባዮቲኩ ምኑን ይምታ? እንደ ኤችአይቪ ላሉት መድኃኒት የተገኘላቸው ቫይረሱ ብቻ ያለው የራሱ ኢንዛይም (ሥራውን የሚያከናውንበት ፕሮቲን) ተፈልጎ ነው። አንቲባዮቲክ ያለቦታው ሲወሰድ የሚረግፉት ጠቃሚዎቹ የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መድኃኒቱን የለመዱት ደግሞ ተርፈው ይራባሉ።

እኔም በወጣትነቴ የተረፉ እንክብሎችን እያስቀመጥሁ ጉንፋን በያዘኝ ቁጥር እውጥ ነበር። በሳምንቱ ሲለቀኝ መድኃኒቱን አመሰግናለሁ፤ ጉንፋን ድሮም በሳምንት ገደማ በራሱ እንደሚለቅ አላሰብሁም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከተሻለሽ በኋላ ትኩሳቱ ቢመለስ፣ ደረትሽን ቢወጋሽ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ተመልሰሽ ታዪ። ቫይረስ የመተንፈሻ አካልን ሲያቆስል ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፤ እ.ኤ.አ. በ1918ቱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝም ብዙዎች የሞቱት ኢንፍሉዌንዛውን ተከትሎ በመጣ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ አንቲባዮቲክ ቢያዝልሽ በታዘዘው መጠንና ቀን ልክ ውሰጂ።

አባትሽ