ሆጊ በዘይት ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው እጅም የእኔ ነው

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በአሜሪካ ስላሉት የጣሊያን ሳንዱቾች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አራት ጊዜ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ሥራ ቦታ፣ እንደቆምኩ። የመጨረሻውን ሌሊት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ።

የኒውዮርኩን ሂሮ አንደኛ ማድረጋችሁ አላናደደኝም። ምላስ የየራስ ነው። (ይህን መጻፌን የደቡብ ፊላዴልፊያ ጎረቤቶቼ ቢሰሙ ሰላምታ ይነሱኛል።) ያናደደኝ ስለ ሆጊ፣ ስለኛ ስለ ፊላዴልፊያው ረጅም ሳንዱች፣ በጻፋችሁት አንቀጽ ውስጥ ያለች አንዲት ቃል ናት። ዘጋቢያችሁ የጣሊያን ሆጊ እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዳ «ዳቦው ማዮኔዝ ይቀባና» ብሎ ይጀምራል።

ማዮኔዝ!

እኔ ደቡብ ፊላዴልፊያ አንድ ዴሊ፣ ማለትም ስጋ፣ ፎርማጆና ሳንዱች የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ሳንዱች ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። አሠራሩን ልንገራችሁ። ዳቦው በጎኑ ይሰነጠቃል፤ እስከ መጨረሻው አይቆረጥም፣ እንደ መጽሐፍ ነው የሚከፈተው። ቀድሞ የሚገባው ዘይት ነው። ከዚያ ፕሮቮሎን የሚባለው ፎርማጆ፣ ዳቦው ላይ ተለጥፎ። ከዚያ ስጋው፦ ካፒኮላ፣ ሳላሚ፣ ፕሮሹቶ ወይም ሶፕረሳታ፣ እንደ ቤቱ። ቀጥሎ ቲማቲም፣ በስሱ የተቆረጠ ሽንኩርት፣ ደቅቆ የተከተፈ ሰላጣ። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኦሬጋኖ። በመጨረሻ እንደገና ዘይት። ኮምጣጤ የሚወድ ኮምጣጤ ያስጨምራል። ከዚያ ወረቀት ላይ ጥብቅ ተደርጎ ይጠቀለላል። 20 ደቂቃ ቢቀመጥ ይጥማል እንጂ አይበላሽም። ዘይቱ የቲማቲሙን ውሃ ይዞ ዳቦው ውስጥ ይገባል። ማዮኔዝ ይህን አያደርግም። እንደተቀባ ቁጭ ነው።

እውነቱን ለመናገር ፊላዴልፊያም ማዮኔዝ የሚያዝ ሰው አለ። ተርኪ ሆጊ ላይ ብዙ ሰው ያዛል። ጣሊያኑ ላይም ጠይቆኝ የጨመርኩለት ደንበኛ አለ፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። ግን ምስር ወጥ ላይ ኬቻፕ የሚያፈስ ልጅ ስላለ «ምስር ወጥ በኬቻፕ ይሠራል» ተብሎ አይጻፍም።

ስህተቱን እኔም ሠርቼዋለሁ። ሥራ የጀመርኩ ቀን ዳቦውን ሰንጥቄ እጄን ወደ ማዮኔዙ ሰደድኩ። አለቃዬ አያቶቻቸው ከጣሊያን፣ ከአብሩዞ የመጡ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቃል አልተናገሩም። ብልቃጡን ከእጄ ወስደው ፍሪጁ ውስጥ፣ ታች፣ ከሁሉም ኋላ አስቀመጡት። የዘይቱን ጠርሙስ አስጨበጡኝ። እኔና ዘጋቢያችሁ የምንለየው እኔ ስህተቴን ጋዜጣ ላይ ባለማውጣቴ ነው።

«ታዲያ ለአንድ ማንኪያ ማዮኔዝ ይህ ሁሉ ጩኸት?» ትሉኝ ይሆናል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።

ማዮኔዝ ማለት እንቁላል ነው። የእንቁላል አስኳል ከዘይት ጋር ተመትቶ የሚሠራ። ያለንበት ጊዜ ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው። 55 ቀን። አንባቢዎቻችሁ እነማን እንደሆኑ መቼም እኔ አልነግራችሁም።

የሰንበቴ ተራ ሲደርሰኝ ሌላው ሽሮና ጎመን ይዞ ይመጣል፣ እኔ የጾም ሆጊ ይዤ እሄዳለሁ። ዴሊው ውስጥ አይደለም የምሠራው። ቤቴ ነው፣ በራሴ ቢላ። 30 ዳቦ፣ እያንዳንዱ ለአራት ተቆርጦ። ውስጡ የተጠበሰ ደበርጃን አለው። በነጭ ሽንኩርት ጠበስ የተደረገ ብሮኮሊ ራብ አለው፤ መረር ያለ ቅጠል ነው፣ የጎመን ዘመድ። የተጠበሱ ረጃጅም ቃሪያዎች፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ። ስጋ የለም፣ ፎርማጆ የለም። ዳቦው ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው፣ ላዩ ላይ ሰሊጥ። ጋጋሪውን ሁለት ጊዜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሁሉን የሚያስማማው ዘይቱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሰዉ በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። አሁን ሽሮው ሳይነካ እሱ ያልቃል። ያልቅ ነበር ልበል።

ባለፈው እሑድ ተራዬ ነበር። አንዲት እናታችን አሉ። ሁልጊዜ ሁለት ቁራጭ በልተው ሦስተኛውን በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ የሚከቱ። ትሪውን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት። «ልጄ፣ ለካ ይኼን ሁሉ ዓመት እንቁላል ስታበይን ኖረሻል?» አሉኝ። ስልካቸውን አውጥተው ጽሑፋችሁን አሳዩኝ። ጣታቸውን ያቺ ቃል ላይ አሳረፉ። እኔ ስምል ስገዘት፣ ሌላዋ ከጎን «ታዲያ ጋዜጣ ይዋሻል እንዴ?» አለች። ጋዜጣ እንደሚዋሽ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያች ሰዓት ግን አንድም ሰው ትዝ አላለውም። አንዱማ ንስሐ አባቱ ጋ ሊደውል ከአዳራሹ ወጣ። 120 ቁራጭ ይዤ ሄጄ 97 ይዤ ተመለስኩ። እስከ ረቡዕ ቤታችን የተበላው ደበርጃን ነው። ልጆቼ ይመስክሩ።

ይህን ስናገር አንድ ነገር ላይ አትያዙኝ፤ የቱናውን ሆጊ አላነሳሁም። ስለ ዓሣና ስለ ጾም የሚጻፍ ደብዳቤ ለብቻው አንድ ሙሉ ገጽ ይፈልጋል።

ዘጋቢያችሁ ቀጥሎ ምን አለ? «ማኅበረሰባችን የአሳማ ስጋ ስለማይበላ ከዚህ ሳንዱች ጋር ብዙም አይተዋወቅም።» አሳማ አለመብላታችን ልክ ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላም። አለመተዋወቃችን ግን ከየት መጣ? እኛ ዴሊ ከባንኮኒው ኋላ ከምንቆመው አምስት ሰዎች ሁለታችን ሐበሾች ነን። ካፒኮላ አፌ ገብቶ አያውቅም። ግን ማሽኑ ላይ ምን ያህል መሳሳት እንዳለበት ከእኔ በላይ የሚያውቅ ይምጣ። ፕሮሹቶ ወደ መብራቱ ከፍ ሲያደርጉት ከኋላው ጣት ማሳየት አለበት። የሳላሚው ጠርዝ ሲደርቅ በሽታው አውቀዋለሁ። ደንበኛ «ዛሬ ካፒኮላው እንዴት ነው?» ሲለኝ «እስካሁን ያማረረ የለም» እላለሁ። ውሸት አይደለም።

እንዲያውም አንድ ነገር ልጨምር፣ አለቃዬ ሰምተው የሳቁበትን። ስለዚህ ሳንዱች መፍረድ ያለብኝ እኔ ነኝ። ስጋ የሚበላ ሰው ዳቦው ቢደርቅበትም ሳላሚው ይሸፍንለታል። ዘይቱ ቢያንስም የፕሮሹቶው ጨው ያካክስለታል። እኔ የምበላው ስጋው ሲወጣ የሚቀረውን ነው። ዳቦ፣ ፕሮቮሎን፣ ቲማቲም፣ ዘይት። በጾም ፕሮቮሎኑም ይወጣል። እዚያ ላይ መጥፎ ዳቦ መደበቂያ የለውም። ዘጋቢያችሁ ስለ ስጋው ስድስት አንቀጽ ጽፎ ስለ ዳቦው አንድ መስመር ነው ያለው። 9ኛው መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ ዳቦ የሚጋግረውን ሳርኮንን እንኳ አላነሳም። ላዩ ጠንከር ያለ፣ ሰሊጥ የበዛበት፣ ሲነክሱት ደረት ላይ የሚፍረከረክ ዳቦ ነው። እኔ ቅዳሜ ጥቁር ሹራብ የማልለብሰው በሱ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ፎቶው። ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ዴሊያችን መጥቶ ነበር። ሳቅ በይ አለኝ፣ ሳቅሁ። ሻሼን አስተካከልኩ። በጋዜጣችሁ ላይ ሳቄም ሻሼም የለም፤ እጄ ብቻ ቀርቷል። ጓንቱ ከሚያልቅበት ከፍ ብሎ፣ የእጄ አንጓ ላይ፣ የመስቀል ንቅሳት ይታያል። አያቴ ናት በልጅነቴ ያስነቀሰችኝ። ከፎቶው ሥር የተጻፈው ምንድን ነው? «በጣሊያናዊ ባለሙያ እጅ የተዘጋጀ ሆጊ»።

ጉድ በል ጎንደር! የአያቴ አባት ማይጨው የዘመቱ ሰው ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ልጅ በአማርኛ ጋዜጣ ጣሊያን ሆነች። የአሜሪካ ጋዜጣ ቢሆን ይሁን። ስንት ሐበሻ ባለበት ቢሮ ውስጥ ያንን መስቀል አይቶ «ቆይ፣ ይቺ የኛ ናት» የሚል አንድ ሰው ጠፋ?

ከጣሊያን ጋር ያለን ነገር እንዲህ ቀላል አይደለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አለቃዬ ስለ ፎርኖ ሲያወሩ «ፉርኖማ እኛም አገር አለ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ስጎ አልኩ፣ ሰላጣ አልኩ፣ ፎርማጆ አልኩ። ጋዜጣ የሚለው ቃል ራሱ የነሱ መሆኑንም ነገርኳቸው። «እንዴት እዚያ ድረስ ደረሰ?» ብለው ሳቁ። ስለ አምስቱ ዓመት ስነግራቸው ሳቃቸው ቆመ። አቀርቅረው ቲማቲም መቁረጥ ቀጠሉ። ያን ቀን የምሳዬን ሒሳብ አልተቀበሉኝም።

ወደ ማዮኔዙ ልመለስ። ዘጋቢያችሁ ክፍለ ሀገር በክፍለ ሀገር አወዳድሬያለሁ ይላል። ካወዳደረ ዘይቱን እንዴት ሳተው? ሜይን፣ ፖርትላንድ ላይ ጆቫኒ አማቶ እ.ኤ.አ. በ1902 ለወደብ ሠራተኞች መሸጥ የጀመረው ሳንዱች ዳቦው ለስላሳ ነው፣ አረንጓዴ ቃሪያና የኮመጠጠ ኪያር አለበት። ለእኔ ቃሪያው ይበዛብኛል። ግን በዘይት ነው። ኒው ኦርሊንስ ላይ የሲሲሊው ስደተኛ ሳልቫቶሬ ሉፖ እ.ኤ.አ. በ1906 በከፈተው ሴንትራል ግሮሰሪ የሚሸጠው ሙፉሌታ ክብ ዳቦ ነው፣ በሰሊጥ። ነፍሱ የወይራ ፍሬ ሰላጣው ነው፤ የተከተፈ ወይራ፣ ካሮት፣ አበባ ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁሉም ዘይት ውስጥ የተዘፈዘፈ። ለዘመድ ሠርግ ሄጄ ያንን ሰላጣ በብልቃጥ ገዛሁና ወንዙ ዳር ቁጭ ብዬ በባዶ ዳቦ በላሁት። ዓርብ ቀን ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አንደኛውን ስጡ ብባል ያን ቀን ለሙፉሌታ እሰጥ ነበር። ስጋውን ሳላየው።

ማዮኔዙ ከየት እንደመጣ ግን እገምታለሁ። ሰላጣውን በማዮኔዝ ለውሰው የሚያስገቡበት የግራይንደር ሳንዱች ቪዲዮ አንድ ሰሞን ኢንተርኔቱን ሞልቶት ነበር። ግራይንደር የኒው ኢንግላንድ ሰዎች አጠራር ነው። ዘጋቢያችሁ ያንን አይቶ «ሁሉም ያው ነው» ያለ ይመስለኛል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ስሙንም ቢሆን እንደ ወንጌል ነው የተረከው። ሆጊ የተባለው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሆግ ደሴት የመርከብ ማምረቻ ይሠሩ በነበሩ ጣሊያኖች ነው ይላል። ጥሩ ወግ ነው፣ እኔም ለደንበኛ አወራዋለሁ። ግን ማምረቻው ተዘግቶ፣ ቃሉ በጽሑፍ መታየት የጀመረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቦታው አሁን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ስቀበል እዚያው ቆሜ ነው የምጠብቀው፣ ሆጊ በእጄ ይዤ። ከንቲባ ኤድ ሬንዴል እ.ኤ.አ. በ1992 የከተማዋ ይፋዊ ሳንዱች ብለው ያወጁለት ምግብ ቢያንስ በትክክል ይጻፍለት።

ደግሞ «ለኛ የሚሆን የለም» ለማለት የቸኮለ ሰው የቺካጎውን የጣሊያን ቢፍ እንዴት ረሳው? የበሬ ስጋ ነው። መረቁ ውስጥ ነክረው ይሰጡሃል፣ ላዩ ላይ የኮመጠጠ ቃሪያ። ከጾም ውጭ ማን ይከለክለናል?

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። «ማዮኔዝ» ወጥቶ «ዘይት» ይግባ፤ በትልልቅ ፊደል፣ እናታችን ያለ መነጽር በሚያነቡት። ከፎቶው ሥር ያለውም ይስተካከል። ስሜን ማንሳት አያስፈልግም፣ «የሐበሻ እጅ» ይበቃል።

የሰንበቴ ተራዬን ከአንዷ ጋር ተለዋውጬ ለሆሳዕና አድርጌዋለሁ። ዳቦ ጋጋሪው እስከ ሐሙስ ድረስ ትእዛዝ ይፈልጋል። 30 ዳቦ ልዘዝ ወይስ 5፣ እርማታችሁን አይቼ ነው የምወስነው።

ሳንዱች ሠሪዋ
ከደቡብ ፊላዴልፊያ