ሚስማር ስለቅም ነው የጠፋሁት

ሰላም ወንድምዓለም፣

ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቼ ድንገት ስጽፍልህ መጀመሪያ የምትጠይቀኝን አውቃለሁ። እጄም እግሬም ሙሉ ነው። እሱን ካስቀደምኩ ሌላውን ተረጋግተህ ታነበዋለህ።

የጠፋሁት ተቀይሜህ አይደለም። «ዛሬ ማታ እጽፍለታለሁ» እላለሁ፤ ማታ ሲሆን ጉልበቴ ዝሎ እንቅልፍ ይጥለኛል። በቃ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ሞላ። ይቅር በለኝ።

ስንለያይ «ፈንጂ ልታመክን? አብደሃል?» ብለህ የጮህክብኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ያኔ ሁለታችንም የምናውቀው የፊልሙን ነበር፤ ቀይ ሽቦ፣ ሰማያዊ ሽቦ፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት። እዚህ ሽቦ የሚመርጥ ሰው የለም። ተንበርክኮ ሚስማር የሚለቅም ነው ያለው።

ስቀልድ አይደለም። አንድ ሜትር ስፋት ያላት መስመር ትሰጥሃለች። ፊትህን ወፍራም ፕላስቲክ ይሸፍነዋል፣ ደረትህ ላይ ከባድ መከላከያ ልብስ አለ። ከፊትህ አንድ ዱላ መሬት ላይ ታጋድማለህ። ከዱላው ወዲህ የጸዳ ነው፣ ወዲያ ያልጸዳ። መጀመሪያ በዓይንህ የተወጠረ ቀጭን ሽቦ ትፈልጋለህ። ቀጥሎ ሣሩን በመቀስ ትቆርጣለህ፤ አዎ፣ በመቀስ። ከዚያ ብረት ፈላጊውን መሣሪያ ቀስ አድርገህ ታዞራለህ። ከጮኸ ከጎን በኩል ነው የምትቆፍረው። ፀረ-ሰው ፈንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈነዳው ከላይ ሲጫኑት ስለሆነ ከጎኑ ትቀርበዋለህ። አፈሩን በትንሹ፣ በትንሹ። ላቡ ዓይንህ ውስጥ ይገባል፣ መጥረግ አትችልም። ግማሽ ሰዓት ለፍተህ ምን ታገኛለህ? ሚስማር። ትንሽ አለፍ ብሎ ቆርኪ። የጥይት ቀለሃ። እንደገና ሚስማር።

ለምን መሰለህ? ብዙዎቹ ፈንጂዎች አካላቸው ፕላስቲክ ነው፤ ውስጣቸው ያለችው ብረት በጣም ትንሽ ናት። እሷን እንዲሰማ የተሠራ መሣሪያ ለሁሉም ነገር ይጮሃል። «ይሄኛውም ሚስማር ነው» ማለት የጀመርክ ዕለት ከመስመሩ ብትወጣ ይሻልሃል።

የመጀመሪያዬን ያገኘሁት ከወራት በኋላ ነው። ከጫማ ቀለም ቆርቆሮ ብዙም አይተልቅም። የሣር ሥር ዙሪያውን አቅፎታል። ለረጅም ጊዜ አየሁት መሰለኝ። እኛ ነቅለን አንወስደውም፤ አጠገቡ የሚያፈነዳው ነገር ይቀመጥና ሁሉም ከራቀ በኋላ እዚያው ይፈነዳል።

አይጥ ስታይ ወንበር ላይ የምትወጣው አንተ ይህን ስማ። ፈንጂ የሚያሸቱ አይጦች አሉ። ትላልቅ የአፍሪካ አይጦች ናቸው፣ የሚያሸቱት ፈንጂው ውስጥ ያለውን ኬሚካል ስለሆነ ሚስማር ጉዳያቸው አይደለም። ክብደታቸውም ፈንጂውን አያስነሳውም። የቴኒስ ሜዳ የሚያህል ቦታ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይጨርሳሉ፤ መሣሪያ የያዘ ሰው እስከ አራት ቀን ሊፈጅበት ይችላል። ማጋዋ የተባለው እንዲያውም ካምቦዲያ ውስጥ ለሠራው ሥራ በፈረንጆች 2020 የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልሟል። እኔ እስካሁን የምስክር ወረቀት እንኳን አልደረሰኝም።

ሰው ሁሉ «ስንት ፈንጂ አወጣችሁ?» ይለናል። ጥያቄው ያናድደኛል። አንድ ፈንጂ አለ ተብሎ ሲወራ ስንት ሄክታር ጦም ያድራል። እኛ የምናስረክበው ያወጣነውን አይደለም፣ «እዚህ ምንም የለም» የሚለውን ቃል ነው። ያን ቃል ለመስጠት ሚስማሩ በሙሉ መለቀም አለበት። ሞዛምቢክ ውስጥ ጦርነቱ ያበቃው በፈረንጆች 1992 ነው፤ አገሪቱ ከፈንጂ ነፃ ወጣች የተባለው በ2015። መሃሉን አንተ አስላው። በ1997 ብዙ አገራት ፀረ-ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን ስምምነት ኦታዋ ላይ ሲፈርሙ ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። በ2025 አምስት የአውሮፓ አገራት እንደሚወጡ አስታወቁ። ዜናውን የሰማሁት በምሳ ሰዓት፣ ከመስመሬ ወጥቼ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነው። ምክንያታቸው ስጋት ነው፣ ይገባኛል። ግን የሚቀብረውና የሚለቅመው አንድ ሰው አይደለም።

ባለፈው ወር አንድ መሬት አስረከብን። ባለቤቶቹ እንዲያምኑ መጀመሪያ እኛው በሰልፍ ከዳር እስከ ዳር እንራመድበታለን። ከዚያ «ግቡ» አልናቸው። አንዲት እናት ተነሥተው ገቡ፤ ግን ለዓመታት በሚያውቋት ቀጭን የእግር መንገድ ብቻ፣ አንዷን እግር ከሌላዋ ፊት እየተከሉ። ግራና ቀኛቸው ሁሉ ጸድቷል። አለቃዬ «እማማ፣ እንደፈለጉ ይሂዱ» አላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው በዚያችው መንገድ ተመለሱ።

ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ። የዕረፍት ፈቃዴ ቅርብ ነው። አብረን ስንሄድ መሬት መሬት እያየሁ ወደ ኋላ ብቀር አትሳቅብኝ፣ ጠብቀኝ።

ያንተው