መጥሪያው ሳይደርስሽ

ሆዴ፣ አማን ነሽ ወይ? ልጆቹስ? እማማ እግራቸው ተሻላቸው?

መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ይቅር በይኝ። ከደሴ ኮምቦልቻ ሐረጎን መውረድ ብቻ ነው፣ በመንገድ አላመካኝም። ከአባዬ ቀብር በኋላ ስልኬን አነሳና ስምሽ ላይ ስደርስ እተወዋለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። ዛሬ ግን ከሰው ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው። ሰሞኑን ከፍርድ ቤት መጥሪያ ይደርስሻል። ለምስክርነት ተጠርተሻል። አብሽሪ፣ አንቺን የከሰሰ የለም።

ነገሩ የአባዬ ኑዛዜ ነው። ወንድሜ ይፍረስልኝ ብሏል።

ታስታውሺዋለሽ፣ ሦስተኛው ፊርማ ያንቺ ነው። ቤቱ ለሁለታችን እኩል፣ ጓሮ ያሉት ሁለት ክፍሎች ለእቴቴ። ወንድሜ የሚሟገተው ስለ እኩሉ አይደለም። ኑዛዜው ቢፈርስም በፍትሐ ብሔር ሕጉ ልጅ ከልጅ እኩል ነው የሚወርሰው፣ ወንድ ሴት አይልም። እኔ ምንም አይጎድልብኝም፣ እንዲያውም ይጨመርልኛል። ሜዳ ላይ የምትቀረው እቴቴ ናት። የሥጋ ዘመድ አይደለችማ! ያ ወረቀት ከሌለ ዕድሜዋን የጨረሰችበት ግቢ ውስጥ አንዲት ጥግ የላትም።

እቴቴ ማን እንደሆነች ላንቺ አልነግርሽም። የመጨረሻዎቹን ወራት ግን አላየሽም። አባዬ ጎኑ እንዳይቆስል ሌሊት እየተነሳች ታገላብጠው ነበር። አንሶላው በዚህ ጭጋግ አልደርቅ ሲል ማታ ከሰል ዳር ዘርግታ እየገለባበጠች ታደርቀዋለች። ሁዳዴን እየጾመች ለእሱ የሥጋ መረቅ ትሠራለች። ጨው መብቃቱን ማወቅ ስትፈልግ ማንኪያውን ይዛ ሳሎን ድረስ ትመጣና «ቅመሺልኝ» ትለኛለች። አባዬ ይሄን ሁሉ ያይ ነበር። ክፍሎቹን የሰጣት በሰው ግፊት አይደለም፣ አስቦበት ነው።

አሁን ገዢ መጥቷል። ግቢውን ከነሰው አልገዛም ብሏል። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቂዋለሽ። አዲስ አበባ የጀመረው ሥራ አልሆነለትም፣ ዕዳ ገብቷል። «ገንዘብ እንስጣትና ትውጣ» ይላል። የት ትውጣ? በዚህ ዕድሜዋ ሸዋ በር ላይ የሰው ቤት ትከራይ?

ጭቅጭቁ የመጣው ከአንቀጽ 881 ነው። የ1952ቱ ሕግ ኑዛዜው በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበብ፣ መነበቡም እዚያው ላይ ይጻፍ፣ ሁሉም ወዲያው ይፈርሙ ይላል። ይሄ ካልተሟላ ፈራሽ ነው። ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም በሥራው ላይ ሆኖ አንዱ ምስክር ቢሆን ሁለት ይበቃ ነበር። አባዬ ግን ያኔ እስከ በሩም አይራመድም። ጎረቤቶቻችን «በአፉም ሲናገር ሰምተናል» ይላሉ፣ አላህ ይስጣቸው። ግን በቃል ኑዛዜ የሚሰጥ ስጦታ ከ500 ብር ማለፍ አይችልም። 500 ብር ዛሬ የእነዚያን ክፍሎች የበር ቁልፍ አይገዛም።

ወረቀቱ ላይ መነበቡ ተጽፏል። ቀኑ አለ። አራቱም ፊርማ አለ። የወንድሜ ጠበቃ የሚለው ሲነበብ የነበሩት ሦስት ናቸው፣ አንዷ ተነቦ ካለቀ በኋላ ደርሳ ነው የፈረመችው ነው።

አንዷ አንቺ ነሽ።

አንቺ ደግሞ መቼም ሰዓት አታውቂም! በሰርጌ ሚዜ ሆነሽ ሙሽራው ቀድሞሽ የደረሰ ጊዜ ስንት ቀን ሳቅን። አሁን ግን እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ... ይሄ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።

የማስታውሰውን ልንገርሽ። ቡና እየቆላሁ ነበር። በሩን የከፈትኩልሽ እኔ ነኝ። ነጠላሽ በካፊያ ርሶ ነበር፣ ምጣዱን በእጄ እንደያዝኩ ነው የሳምኩሽ። ጎረቤታችን ወረቀቱን ጮክ ብለው ሲያነቡም ከማድ ቤት ሰምቻለሁ። የቱ እንደቀደመ ግን ምዬ መናገር አልችልም። እንዲህ ብለሽ መስክሪ ልልሽም አይደለም የምጽፈው። የሐሰት መሐላ ካንቺ አልፈልግም፣ እቴቴም ብትሰማ አትፈልግም። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ። ዘግይቼ ነበር ብትዪኝም አልቀየምሽም፣ ወላሂ።

ከችሎቱ በፊት ማወቅ የምፈልገው በምክንያት ነው። ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

ወንድሜ መጀመሪያ ላይ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ ብሎኝ ነበር። እንቢ አልኩት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 እዚያ የሚኬደው ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ብቻ ነው፣ ማንም አያስገድደኝም። እዚያ ብንሄድ ሁለት እጁ የእሱ፣ አንድ እጁ የእኔ ይሆናል። ባለፈው ጁምዓ ግን አንድ የማምናቸው ሼህ ዘንድ ሄጄ ስለ እቴቴ ጠየቅኳቸው። ሰው ወራሹ ላልሆነ ሰው እስከ ንብረቱ ሲሶ መናዘዝ ይችላል አሉኝ። ክርስቲያን ናት አልኳቸው። ብትሆንም አሉኝ። በአራት ምስክር ፊት ካልተነበበ ይፈርሳል የሚባል ነገርም እዚያ የለም። የእቴቴ ሁለት ክፍሎች ደግሞ የግቢው ሲሶ አይሞሉም።

ገባሽ? በመደበኛው ፍርድ ቤት ኑዛዜው ከወደቀ እኔ እኩሌታዬን ይዤ እወጣለሁ፣ እሷ ባዶ እጇን ትቀራለች። በሸሪዓው የእኔ ይቀንሳል፣ የእሷ ይተርፋል። ተስማምቶ ገብቶ ሲከፋ መውጣት ደግሞ የለም። ላንቺ አልደብቅሽም፣ ይሄን ሰምቼ ስወጣ ደስ አላለኝም። ሁለቱን ልጆቼን ነው ያሰብኩት። ሴትነቴንም አሰብኩ፣ አባዬ እኮ «እኩል» ብሎ ነው ያስጻፈው። ቤት ገብቼ እቴቴ እራት ስታቀርብልኝ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እና እንዲህ ወስኛለሁ። ሲነበብ ክፍሉ ውስጥ ከነበርሽ እዚሁ እሟገታለሁ፣ አባዬ ያለው ሁሉ ይጸናል። ካልነበርሽ ግን ወንድሜን ሸሪዓ እንሂድ እለዋለሁ። እሱ ራሱ ያመጣው ሐሳብ ስለሆነ እንቢ የሚል አይመስለኝም። ባለቤቴ ሲሰማ ምን እንደሚል አላውቅም፣ የእሱን እዳ ለእኔ ተይው።

ቀጠሮው ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። በስልክ አትንገሪኝ፣ በአካል ነው የምፈልግሽ። ቅዳሜ ነይ፣ ካልተመቸሽ እኔ እወርዳለሁ። ከመጣሽ ግን እቴቴ ስለ ክሱ ምንም አታውቅም፤ የወንድሜ መመላለስ ለካርታው ጉዳይ ነው ብያታለሁ። እሷ ባለችበት አታንሺው። ቡናውን ጠጥተን ስሸኝሽ መንገድ ላይ እናወራለን።