አባባ፣ ስለ ሥራዬና ስለ ጆሮዎ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤ ደሴ።

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የአዳማ ሙቀት በርትቷል፤ ነፋሱ ባይኖር ኖሮ ቀኑ አይገፋም ነበር።

ስልክ እያለ ደብዳቤ የጻፍኩልዎ በስልክ ስናወራ ግማሹን እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ነው። «እሺ፣ እሺ ልጄ» ማለትዎ ሲበዛ ቃሌ እንዳልደረሰዎት ይገባኛል። ዓይንዎ ግን ተመስገን፣ በመነጽር ጋዜጣ ያነባል። በፋሲካ «ይህ ጩኸት ሥራ ይባላል ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ የመለስኩልዎን ከንፈሬን እያዩ ራስዎን ነቀነቁ እንጂ አልሰሙኝም። ያንን መልስ አሁን በወረቀት ላድርገው። ስለ ጆሮዎም የምለምንዎት ነገር አለ። ሁለቱን ለያይቼ ለመጻፍ አልቻልኩም፤ ለምን እንደሆነ ሲያነቡ ያዩታል።

የምቀርጸው ሙዚቃ ፖስት ሀርድኮር ይባላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ በአሜሪካ የተወለደ ነው። በዋሽንግተን ከተማ ሀርድኮር የሚባለውን ፈጣን የፓንክ ሙዚቃ ይጫወቱ ከነበሩት ወጣቶች አንዳንዶቹ ፍጥነቱ ብቻ አልበቃቸው አለ፤ የሚቆራረጥ ምት፣ ዜማና ዝምታ ጨመሩበት። ፉጋዚ የተባለው ባንድ የወጣው ከዚያ ነው። በዚህ ሙዚቃ ጊታሩ ያጓራል፣ ድራሙ ይወርዳል፣ ዘፋኙ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ይጮኻል፤ ድንገት ሁሉም ጸጥ ይልና አንድ ጊታር ብቻውን ይቀራል። እርስዎ ጩኸት ማለትዎን አልተቀየምኩም፤ ጩኸት አለበት። ግን አባባ፣ በወሎ ሰርግ ላይ ፎካሪ ተነሥቶ ደም ሥሩ እስኪገተር ሲሸልል «ምነው ቀስ ብሎ ቢናገር» ያለ ሰው እርስዎም አላዩ፣ እኔም አላየሁ።

የቤት ኪራዬን የሚከፍሉልኝ በውጭ አገር ያሉ ባንዶች ናቸው። የቀረጹትን በኢንተርኔት ይልኩልኛል፣ እኔ አቀናብሬ እመልስላቸዋለሁ። ልቤ ያለው ግን ከአራት የአዳማ ልጆች ጋር ነው። ዘፋኙ የሚጮኸው በአማርኛ ነው፤ ግጥሙ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ ሥራ አጥቶ፣ አባቱ ቤት ስለተቀመጠ ልጅ ነው። ልጁ ራሱ ነው። ይህ ሰው የሚለው እያንዳንዱ ቃል በዚያ ሁሉ ጊታር መካከል እንዲሰማ ማድረግ የእኔ ኃላፊነት ነው፤ ሌላው ሁሉ ለዚህ ነው የሚደረገው።

ጊታረኛው ዋናውን ዜማ ያወጣው ከባቲ ቅኝት ነው። እርስዎ ባቲን ከሩቅ ይለዩታል፤ መጀመሪያ ሲጫወቱት ግን እኔ እንኳ አልለየሁትም። ጊታሩን የሚያስጓራው ዲስቶርሽን የሚፈጠረው ድምፁ ከልኩ በላይ ተገፍቶ የሞገዱ ጫፍ ሲቆረጥ ነው። ጫፉ ሲቆረጥ ከገመዱ ያልወጡ አዳዲስ ድምፆች ይወለዳሉ። መነሻው ኖታና አምስተኛው ብቻ አብረው ሲመቱ እነዚህ ድምፆች ይስማማሉ፤ ሌላ ኖታ ሲታከልበት ይጣላሉ፣ ሁሉም ይደፈርሳል። ስለዚህ አንዱ ጊታር መነሻውንና አምስተኛውን ይዞ እንዲያጓራ፣ ሌላው ባቲን በነጠላ ኖታ እንዲጫወት ተስማማን። አሁን ቅኝቱ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ክብደቱም አልቀነሰም። እንደዚህ ያለ ቀን ሲያጋጥመኝ ይህን ሙያ በመያዜ ደስ ይለኛል።

ወጣቶች ወደ እኔ ሲመጡ ዲስቶርሽኑን እስከ መጨረሻው ያዞሩታል። ብቻቸውን ሲጫወቱ ትልቅ ይመስላቸዋል፤ ድራሙ ሲገባ ግን ጊታሩ የት እንደገባ አይታወቅም። የበዛ ዲስቶርሽን ብርቱውንና ደካማውን ምት እኩል ያደርጋል፣ ጣት ገመዱን የነካበትን መነሻ ይውጣል። እኔ ቀነስ አድርጌ በእጃቸው ጠንክረው እንዲመቱ አደርጋለሁ። ከዚያ ያንኑ ሁለት ጊዜ ይጫወቱታል፤ አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ አስቀምጣለሁ። አንዱን ቀድቶ ማባዛት ጥቅም የለውም፤ ያው አንድ ድምፅ መሃል ላይ ይጎላል እንጂ አይሰፋም። የሰው እጅ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሲሠራ በጥቂቱ ይለያያል፣ ስፋቱም የሚመጣው ከዚያች ልዩነት ነው።

በማጉያው ፊት የምተክለው ማይክሮፎን ሹር ኤስኤም 57 ይባላል። በፈረንጆች 1965 ለገበያ የወጣና እስከ ዛሬ የሚሸጥ ጠንካራ ዕቃ ነው፤ እርስዎ ይወዱት ነበር። የማጉያው መሃል ላይ ካነጣጠርኩት ድምፁ ይወጋል፣ ወደ ጠርዙ ሸሸት ባደረግኩት ቁጥር ይለሰልሳል። የመብራቱ ነገር ደግሞ አለ፤ የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ያ ምልልስ በጊታሩ ውስጥ ገብቶ ያጉተመትማል። ጊታረኛውን ወዲያና ወዲህ እያዞርኩ የሚቀንስበትን አቅጣጫ እፈልጋለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ልጁ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ ይጫወታል።

ድራሙ ላይ ስደርስ የእርስዎ ልጅ መሆኔ ይታወቃል። እርስዎ ብረቱን በመዶሻ ነካ አድርገው «ይህ ተሰንጥቋል» ይሉ ነበር፤ ሌላው ሠራተኛ ልዩነቱ አይሰማውም ነበር። እኔም የድራሙን ቆዳ (ቆዳ ይባላል እንጂ ዛሬ ፕላስቲክ ነው) በየብሎኑ አጠገብ እየነካሁ አዳምጣለሁ። አንዱ ብሎን ከጠበቀ ሌላው ከላላ ድምፁ ይወላገዳል። በቁልፍ ትንሽ ትንሽ እያጠበቅኩ ሁሉንም አንድ አደርጋለሁ። ግማሽ ቀን ቢፈጅም ይፍጅ፤ ያልተቃኘ ድራም በኮምፒውተር አይቃናም።

ከዚያ ሜትርና ገመድ ይዤ እነሣለሁ። ድምፅ በአንድ ሚሊ ሴኮንድ ወደ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስኔር የሚባለውን ድራም አጠገቡ ያለው ማይክሮፎን ወዲያው ሲሰማው፣ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለው ከሦስት ሚሊ ሴኮንድ ገደማ በኋላ ይሰማዋል። የአንዱ ሞገድ ሲገፋ የሌላው ከሳበ ይጠፋፋሉ፤ ያ ሁሉ ዱላ የወረደበት ድራም እንደ ካርቶን ቀጭን ይሆናል። ስለዚህ ከላይ የተሰቀሉት ሁለት ማይክሮፎኖች ከስኔሩ እኩል እንዲርቁ በገመድ እለካለሁ። ከሥሩ የማስቀምጠው ማይክሮፎን የሚሰጠውን ሞገድ ደግሞ እገለብጠዋለሁ፤ ዱላው ሲያርፍ የላይኛው ቆዳ ከላይኛው ማይክሮፎን ሲሸሽ የታችኛው ቆዳ ወደ ታችኛው ማይክሮፎን ይመጣልና። ይህን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ ሰነፍ መሆን ግን አያዋጣም።

የምቀርጽበት ቤት ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ በኩል ነው። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ቀረጻ የለም። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን እንድለጥፍ ያልመከረኝ ሰው የለም፤ ካርቶን ከባዱን ድምፅ አይዘውም። እኔ በየጥጉ ወፍራም የጥጥ ፍራሽ አቆምኩ፤ ወፍራሙ ድምፅ የሚከማቸው ጥግ ላይ ነው።

በዚህ ሙያ ከማከብራቸው ሰዎች አንዱ በቺካጎ ይሠራ የነበረው ስቲቭ አልቢኒ ነው። በ2016 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ ዐረፈ። ድራሙን ብቻ ሳይሆን ድራሙ የተመታበትን ክፍል ራሱን ይቀርጽ ነበር፤ ማይክሮፎን ራቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ከአልበም ሽያጭ ድርሻ አይቀበልም ነበር፤ የሠራበትን ዋጋ ይወስዳል፣ ሙዚቃው የባንዱ ነው ይላል። የሰው ማሽን ጠግነው የእጅዎን ዋጋ ብቻ ተቀብለው የሚወጡ ሰው ስለነበሩ ይህን ብነግርዎ ይገባዎታል ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጆሮዎ ልምጣ። ጊታር የሚወጋበት ቦታ ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ መካከል ነው፤ ሄርዝ ማለት ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ የሚነግር ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲበዛ ድምፁ ይቀጥናል። የሰው ንግግር የሚለይበት ቦታም ያው ነው፤ አናባቢዎቹ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ፈ»፣ «ጸ» የመሳሰሉት ግን ወደ ላይ ናቸው። የልጁ ቃል የሚጠፋው እዚያ ነው። ስለዚህ ከጊታሮቹ ላይ ከዚያ ቦታ ጥቂት እቀንሳለሁ፤ ከታች ያለውን ክብደት ለቤዝ ጊታሩና በእግር ለሚመታው ድራም እተዋለሁ። ጊታሩ ብቻውን ሲሰማ ይሳሳል፣ ከሌሎቹ ጋር ግን ግዙፍ ነው። ቃሉም ይወጣል።

ብረት ሲቀጠቀጥ የኖረ ጆሮ መጀመሪያ የሚጎዳው በዚያው ቦታ ላይ ነው አባባ፤ ከ3,000 እስከ 6,000 ሄርዝ። በእርስዎ የሥራ ዘመን የጆሮ መከላከያ የሰጠዎት አልነበረም። ለዚህ ነው ድምፄን እየሰሙ ቃሌን የማይለዩት፤ ለዚህ ነው የልጅ ልጆችዎ ወሬ የሚያመልጥዎ። ቤተ ሰቡ «አባባ ሲፈልጉ ይሰማሉ» ሲል በጣም ይከፋኛል። ሲፈልጉ አይደለም። ከበሮው ይሰማዎታል፣ ጸናጽሉ አይሰማዎትም፤ እኔ በየቀኑ የምሠራበት ቦታ ስለሆነ የት ጋ እንደሚጎድልዎ በቁጥር አውቀዋለሁ። «ጮክ በይ» ይሉኛል፤ ጮክ ስል «አትጩሂብኝ» ይሉኛል። ይህ ጠባይ አይደለም። የተጎዳ ጆሮ ዝቅ ያለውን አይሰማም፣ ከፍ ያለው ግን ድንገት ይበዛበታል።

ይህን ስለማውቅ የራሴን ጆሮ እጠብቃለሁ፤ አይስጉብኝ። የድምፅ ብርታት የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ 85 ዴሲቤል ሲሆን በቀን እስከ ስምንት ሰዓት መቆየት ይቻላል፤ ሦስት ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ድራሙ ሲመታ ክፍሉ ውስጥ ካለሁ መከላከያ አደርጋለሁ፣ ልጆቹንም ያለ መከላከያ አላስገባም፤ ሲያቅማሙ የእርስዎን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። ሳቀናብር ደግሞ ከአጠገቤ ካለ ሰው ጋር ድምፄን ሳላነሣ ማውራት በምችልበት ልክ ነው የማዳምጠው። ሙዚቃው በዚያ ልክ ከባድ ሆኖ ከተሰማ በየትኛውም ልክ ከባድ ነው።

ኮምፕሬሰር የሚባል መሣሪያም አለ። ብርቱው ድምፅ ከወሰንኩለት ልክ ሲያልፍ ይጫነዋል፤ ከዚያ ሁሉንም ከፍ ሳደርግ ደካማው ብቅ ይላል። ስኔር ላይ ስጠቀምበት ወዲያው እንዲይዝ አልፈቅድለትም፤ የዱላው የመጀመሪያ ምት እንዲያልፍ 20 ወይም 30 ሚሊ ሴኮንድ እታገሠዋለሁ። ይህን የምነግርዎት በዛሬው ጊዜ ያሉት የጆሮ መስሚያዎች ውስጥ ያው አሠራር ስላለ ነው። እርስዎ «ሁሉን አብሮ የሚያስጮኽ ዕቃ» ብለው የጠሉት የጎረቤትዎ ዓይነት አይደለም። በምርመራ ጆሮዎ የጎደለው የትኛው ድምፅ እንደሆነ ይለካል፤ መስሚያው ያንኑ ያነሣል፣ ዝቅ ያለውን አብዝቶ፣ ከፍ ያለውን እየተወ። የሞተውን ሕዋስ አይመልስም፣ እንደ ድሮው ይሰማሉ ብዬ አልዋሽዎትም። መልመድም ሳምንታት ይፈልጋል። ቃል ከቃል መለየትዎ ግን ይሻሻላል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለእህቴ ነግሬያታለሁ። ከመስቀል በኋላ አውቶቡስ ታሳፍርዎታለች፤ አዲስ አበባ እኔ ቆሜ እቀበልዎታለሁ። ምርመራውን አብረን እንሄዳለን፣ ከዚያ አዳማ እኔ ጋ ይሰነብታሉ። «ለሽማግሌ ገንዘብ አታባክኚ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ገንዘቡ ተቀምጧል፤ ጩኸት ካሉት ሥራ የተገኘ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ምን ላደርግበት እችላለሁ?

እስከዚያው ጤና አዳምም ሆነ ዘይት ጆሮዎ ውስጥ አያስገቡ፣ በክብሪት እንጨትም አይነካኩት። ከመምጣትዎ በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው ኩክ ካለ ይታይልዎ፤ ካለ በባለሙያ ይጠረግ፣ አለበለዚያ ምርመራው ይበላሻል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ከነማሸጊያቸው ይያዙ፤ ጆሮ የሚነካ መድኃኒት ስላለ ሐኪሙ ሊያያቸው ይፈልግ ይሆናል። የሚመቸዎትን ሳምንት ጽፈው ለእህቴ ይስጧት፣ በስልክ ፎቶ አንሥታ ትልክልኛለች። የልጆቹን ቀረጻ ከዚያ ሳምንት አስተላልፈዋለሁ።

ለእናቴ ወንድሞችና ለጎረቤቶች ሁሉ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

የምትወድዎት ልጅዎ፤ አዳማ